ይርሳው ያላለፈው ቃል

ይህን የምጽፈው ይርሳው የተባለ ሰው አንድን የእንግሊዝኛ ቃል እንዴት ያነብ እንደ ነበር የሚያስታውስ፣ እኔ እስከማውቀው ድረስ፣ ከእኔ በቀር ስለሌለ ነው። መምህራችን ሞተዋል። ቤት ያከራዩን ሴትዮም ሞተዋል። በክፍሉ በአንድ አግዳሚ ላይ እንቀመጥ የነበርነው እኔና እሱ ነበርን። ሌላ ምክንያት የለኝም። ሐዘን አስገድዶኝም አይደለም፤ ሐዘኑ፣ ነበረ ከተባለ፣ ከብዙ ዘመን በፊት እንደ ጎርፍ ውኃ ሰርጎ የት እንደ ገባ አላውቅም።

ባለፈው በጋ ለዘመድ ለቅሶ ወደ ወገዳ ስሄድ የተሳፈርሁበት አውቶቡስ ከአንድ ቁልቁለት ግርጌ ሲደርስ ቋ የሚል ድምፅ አሰማና ወደ ግራ ጎኑ ተንጋደደ። ረዳቱ፣ ገና ጢም ያላበቀለ ጎረምሳ፣ ከሥር ገብቶ ወጣና እጁን በሱሪው እየጠረገ «ስፕሪንጉ ነው! ስፕሪንጉ ተሰበረ!» ብሎ ጮኸ። ከኋላ ወንበር የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ «ምኑ አልህ ልጄ?» አሉት። «ባሌስትራው ነው አባቴ።» «እንዲያ አትልም ታዲያ!» ሰው ሳቀ። እኔ ወርጄ ከመንገዱ ዳር ድንጋይ ላይ ተቀመጥሁ። የጋለ ብረት፣ የተቃጠለ ዘይትና የአቧራ ሽታ አንድ ላይ መጣ፤ ልጅ ሳለሁ የተማርሁባት ከተማ፣ የአርብ ገበያ፣ የአርብ ቀን ሽታ ነበር።

በዚያ ዘመን አርብ ገበያ በአርብ ቀን ካልሆነ በቀር ከተማ መሆኑን የሚያስታውስ አይመስልም ነበር። ሐሙስ ማታ ጸጥ ያለው አደባባይ በማግሥቱ ረፋድ ላይ በአህያ፣ በገብስ ጆንያ፣ በባቄላና በሽንብራ ቁና ይሞላል። አንድ ደብተር በስሙኒ፣ አንድ ጠርሙስ ላምባ ከዚያ ትንሽ ከፍ ባለ ዋጋ ይገዛ ነበር፤ ላምባው ሲጠፋ ግን ዋጋውም አብሮ ይጠፋል፤ የሚጠይቅም የሚመልስም አይኖርም። ከባሕር ዛፉ ሥር የተቀመጠው ሰፊ ካኪውን ሁሉ ለአንድ ሰው የሚሰፋ ይመስል በአንድ ልክ ይሰፋዋል፤ አጭሩ ልጅ ሱሪውን ይጠቀልላል፣ ረጅሙ ቁርጭምጭሚቱን ለብርድ ይሰጣል። እግራችን ላይ ኮንጎ ጫማ ነበር፤ በፀሐይ ይለሰልሳል፣ በብርድ እንደ ቀንድ ይደርቃል። ከቀበሌው ጽሕፈት ቤት ጣሪያ ላይ ያለው ድምፅ ማጉያ ጠዋት በሰልፍ ዜማ ይጀምራል፤ ከሰዓት በኋላ የኪነት ቡድኑ ልጆች ከበሮ ይዘው ይወጣሉ፤ አመሻሹ ላይ ደግሞ ከጠላ ቤቶቹ መሰንቆ ይሰማል። ሦስቱም ስለ ጀግና ይዘፍኑ ነበር። የመሰንቆው ጀግና ብቻ አንዳንዴ ወደ ቤቱ ይመለስ ነበር።

ይርሳው ወደ እኛ ትምህርት ቤት ሲመጣ ዕድሜው ከአብዛኞቻችን ከፍ ያለ ነበር። ከልጅነቱ ጀምሮ የቆሎ ተማሪ ነበር፤ ቤተ ልሔም ከሚባለው ደብር ድጓ ተምሯል፣ እስቴ ተሻግሮ ቅኔ ተቀኝቷል፣ ከዚያም የመጻሕፍት ትርጓሜ ጀምሮ ሳለ መምህሩ አረፉና ጉባኤው ተበተነ። ደበሎውን አጥፎ በአኮፋዳው ውስጥ አስቀመጠ፤ ካኪ አሰፋ፤ ከልጆች መካከል ተቀመጠ። ፈተና እየሰጡ ክፍል አሻገሩትና ስምንተኛ ላይ ከእኔ ጋር ተገናኘን። እኔ በዚያን ጊዜ ያገኘሁትን ወረቀት ሁሉ የማነብ፣ የማልስቅ፣ ከዕድሜዬ በላይ የምኮሳተር ወጣት ነበርሁ፤ ስለዚህ ተስማማን። እትዬ ጥሩዬ ከሚባሉ ጠላ ሻጭ ሴትዮ ጓሮ አንዲት ክፍል በጋራ ተከራየን። ልጆቹ «መሪጌታ» ይሉታል፤ ሲጣሉት ደግሞ «ደብተራ»። ለሁለቱም እኩል አቤት ይላል።

የነገሩ መጀመሪያ አንድ ተራ የእንግሊዝኛ ክፍለ ጊዜ ነው። መምህር ደስታ፣ ከሸዋ የመጡ ቀጭን፣ አንድ ሰማያዊ ሹራብ ያላቸው ሰው፣ ስለ ወቅቶች የተጻፈ ምንባብ አነበቡልንና «ስፕሪንግ ማለት ፀደይ ነው፤ አበባ የሚፈነዳበት ወራት» አሉ። ይርሳው ተነሣ።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ የኔታ…»

ክፍሉ በሳቅ ተናጋ። መምህሩም ፈገግ አሉ። «እሺ፣ ቀጥል።»

«ፀደይ ከመጋቢት መጨረሻ እስከ ሰኔ መጨረሻ ያለው ነው። በፀደይ በእኛ አገር አበባ የለም። መሬቱ ይሰነጠቃል፣ ገበሬው ደረቅ ያርሳል፣ ሰማይ ሰማይ ያያል። አበባው የመስከረም ነው፤ ከመስከረም መጨረሻ የሚገባው ደግሞ መፀው ይባላል።»

«ታዲያ እንግሊዞቹ ተሳሳቱ ልትል ነው?»

«የለም፤ እነሱ በአገራቸው ልክ ናቸው። እኛም በአገራችን ልክ ነን። የተሳሳተው ሁለቱን ሳይጠይቅ ያጋባቸው ሰው ነው።»

 መምህር ደስታ ጠመኔውን አስቀምጠው «ተቀመጥ መሪጌታ፤ ሽማግሌ ሆነን እናፋታቸዋለን» አሉት። ሳቁ ከቀድሞው በረታ። ይርሳው ግን አልሳቀም። ቃሏ ገብታበታለች።

በሌላ ሳምንት ያችው ቃል በሌላ ምንባብ መጣች፤ አሁን ግን ምንጭ ነበረች፤ ሴቶች ውኃ የሚቀዱባት። እኛ ከደብተራችን ግርጌ ጽፈን አለፍናት። ይርሳው አላለፋትም። በትርጓሜ ቤት፣ ኋላ እንዳስረዳኝ፣ ሳይተረጎም የሚታለፍ ቃል የለም። አንባቢው ንባቡን ያወርዳል፤ መምህሩ አንዱን ፍቺ ይሰጣሉ፤ ከዚያ «አንድም» ብለው ሌላውን ያመጣሉ፤ ደግሞ «አንድም» ይላሉ። የኋለኛው የፊተኛውን አይሽረውም። ሁሉም እንደ አንድ ቤት ልጆች ጎን ለጎን ይቀመጣሉ። ፈታኙም ተማሪውን የሚመዝነው ትክክለኛውን በመምረጡ ሳይሆን አንዱንም ባለመጣሉ ነው። ይርሳው ሌላ የማንበቢያ መንገድ አያውቅም ነበር፤ ሌላ መንገድ መኖሩንም በቅጡ ያመነ አይመስለኝም።

በየአርቡ ከነፋስ መውጫ የምትመጣ አንዲት የጭነት መኪና ነበረች። ሾፌሩ ወፍራም፣ ምላሱ ስል፣ አፉ ላይ ሁልጊዜ የክብሪት እንጨት የሚያኝክ ሰው ነው። አንድ አርብ ይርሳው እጄን ይዞ ወደ መኪናዋ ወሰደኝና ሁለታችንም ጎንበስ ብለን ሥሯን ማየት ጀመርን።

«አንተ ደብተራ! መኪናዬ ላይ መተት ልታደርግ ነው?» አለ ሾፌሩ።

«መተቱስ መንገዱ ላይ ተደርጓል፤ እኔ ምን እጨምርበታለሁ? ይችን ብረት እንግሊዝ ምን ይላታል?»

«እኔ ባሌስትራ እላታለሁ። ጣሊያን ነው ያወረሰን። በመኪናዋ መጽሐፍ ላይ ግን ስፕሪንግ ይላታል።»

ይርሳው ወደ እኔ ዞረ፤ ፊቱ እንደ በራ አስታውሳለሁ። «ለምን እንዲህ አላት?»

«ለምን ብሎ ነገር አለ እንዴ? ጫንሃት ትተኛለች፤ አራገፍሃት ትነሣለች። አሁን ዘወር በል፣ ገብስ ይጫናል።»

ማታ እትዬ ጥሩዬ ድፍድፋቸውን እያማሰሉ ሳለ እሱ በደጃፉ ይመላለስ ነበር፤ ከወገቡ በላይ እየተወዛወዘ፣ ዜማ እንደሚቀጽል ሰው። «ኧረ ይኼ ልጅ ምን አገኘው?» አሉኝ። አንዲት የእንግሊዝኛ ቃል ናት አልኋቸው። «አንዲት ቃል? ስማ አንተ ይርሳው! ላሜ እንኳ አመስኩታ አመስኩታ ትውጣለች። አንተ መቼ ነው የምትውጣት?»

«ሳር ስትሆን እውጣታለሁ፣ እትዬ።»

«ሳርስ ይሻልህ ነበር፤ ከስተህ ካኪው ከወገብህ ሊወርድ ነው!»

መምህር ደስታ ሽፋኑ የተቀደደ አንድ ትልቅ መዝገበ ቃላት ነበራቸው። ለማንም አያበድሩትም፤ ለይርሳው ግን በእረፍት ሰዓት በመምህራን ክፍል በር ላይ ቆሞ እንዲያይ ፈቀዱለት። እዚያ የቃሏን ሌላ ፍቺ፣ መዝለልን፣ አገኘ፤ ከአንድ ዘር ወይም ከአንድ ነገር መገኘትንም አገኘ። ከሁሉም ግርጌ ማንም የማያነበው በደቃቅ ፊደል የተጻፈ ነገር ነበር። መምህሩ መነጽራቸውን አድርገው ተረጎሙለት። ቃሏ የእንግሊዞች የጥንት ቃል ናት፤ ጎረቤቶቻቸው ጀርመኖችም አላቸው፤ መነሻዋ መዝለል፣ ፈንጥቆ መውጣት ነው። ወራቱም መጀመሪያ በዚህ ስም ብቻውን አይጠራም ነበር፤ የቅጠል መውጫ ይሉት ነበር፤ ኋላ ቅጠሉ ቀረና መውጫው ብቻ ስም ሆነ።

«እንደ ነፋስ መውጫ!» አለ ይርሳው። «እኛ የነፋስ መውጫ አለን፤ እነሱ የቅጠል መውጫ አላቸው።» ከዚያ፣ መምህሩ እጅ ላይ እንዳለ፣ መጽሐፉን ጎንበስ ብሎ ተሳለመው። መምህር ደስታ በዘመኑ ደንብ ሊቆጡት ይገባ ነበር፤ ዙሪያቸውን አይተው መጽሐፉን ከደኑ።

በዚያ ሳምንት ማታ በላምባ ብርሃን ቃሏን ሙሉ ለሙሉ ተረጎመልኝ። አሁንም በቃሌ ይዤዋለሁ፤ ስለ ደገመው እንጂ እኔ ጎበዝ ስለ ነበርሁ አይደለም። ስፕሪንግ፣ ምንጭ ነው፤ ውኃ ከምድር ሆድ ይወጣልና። አንድም፣ ወራት ነው፤ ቅጠል ከእንጨት ይወጣልና። አንድም፣ ዝላይ ነው፤ ሚዳቋ ከተኛችበት ትነሣለችና። አንድም፣ መገኛ ነው፤ ልጅ ከአባቱ ይወጣልና። አንድም፣ ባሌስትራ ነው፤ የተጫኑት ብረት ሲያራግፉት ይነሣልና። ምሥጢሩ ግን አንድ ነው፤ ታምቆ የቆየ ነገር መውጣቱ።

ይህ ሁሉ ጨዋታ ሊመስል ይችላል፤ ጨዋታ አልነበረም። በዚያው ዓመት ለብሔራዊ ውትድርና ምልመላ ከየቀበሌው ኮታ ይጠየቅ ነበር። የስምንተኛ ክፍልን የሚኒስትሪ ፈተና ያለፈ ነፋስ መውጫ ሄዶ ዘጠነኛ ይገባል፤ ተማሪ ነውና አይነካም። የወደቀ፣ በተለይ ዕድሜው የደረሰ፣ የት እንደሚገባ የታወቀ ነው። እኔ ቁመቴ አጭር ነበር፤ ሌላ ዓመት መድገም እችል ነበር። ይርሳው ግን ጢሙን መላጨት ከጀመረ ቆይቷል።

የቀበሌው ሊቀ መንበር ክፉ ሰው አልነበረም። በሚያዝያ አንድ ቀን በእትዬ ጥሩዬ ቤት ጠላውን ጨልጦ ሲወጣ ከበራችን ላይ ቆመ። «መሪጌታ፣ ፈተናው መቼ ነው?»

«ሰኔ ነው፣ ጓድ ሊቀ መንበር።»

«እንግዲህ እስከ ሰኔ እኔ አላየሁህም።» ይህን ብሎ ወጣ። እትዬ ጥሩዬ ከኋላው አማተቡ። ለይርሳውም «ሰማህ? አሁንስ ዋጣት» አሉት። ድምፃቸው ውስጥ ቀልድ አልነበረም።

እኔና መምህር ደስታ ልናስተምረው ሞከርን። መምህሩ ከትምህርት በኋላ አስቀርተውት ጥያቄ እየሰጡ «አንዱን ፊደል ብቻ ታጠቁራለህ፤ ሌላውን ትተወዋለህ» ይሉታል። ሒሳቡን ያውቀዋል፣ አማርኛው ለሱ ጨዋታ ነው። እንግሊዝኛው ላይ ግን እያንዳንዱን ጥያቄ እያገላበጠ ሲከራከር ሰዓቱ ያልቃል። መምህሩ በመጨረሻ «ስማኝ ይርሳው፤ ወረቀቱን የሚያርመው አዲስ አበባ ያለ ኮምፒዩተር የሚሉት መኪና ነው። መኪና ሐተታ አይሰማም» አሉት። አንገቱን ነቀነቀ። በቀሩት ሳምንታትም እንደ ተባለው አጠቆረ፤ አንድ፣ አንድ፣ አንድ። ተረጋጋን።

የፈተናው ዕለት ዝናብ ነበር። የክፍሉ ቆርቆሮ ሲንኳኳ ፈታኙ፣ ከሌላ ወረዳ የመጡ የማናውቃቸው ሰው፣ እየጮሁ ነበር መመሪያውን ያነበቡት። እኔ ከይርሳው በስተኋላ በሰያፍ ተቀምጬ ነበር። ጠዋት ሒሳቡን ቶሎ ጨረሰ። ከሰዓት በኋላ እንግሊዝኛ መጣ። ገጾቹን እየገለጠ በእርጋታ ሲያጠቁር አየሁት። አንድ ቦታ ላይ እጁ ቆመ። ከወገቡ በላይ መወዛወዝ ሲጀምር ከንፈሩም ይንቀሳቀስ ነበር፤ እኔ ገና ወደዚያ ጥያቄ ስላልደረስሁ አልገባኝም። ስደርስ ገባኝ። አጭር ዓረፍተ ነገር ነበረች፤ ቃሏ ከሥሯ ተሰምሮባታል፤ ከታች ፍቺዎቿ ተደርድረዋል፤ አንዱን መምረጥ ነው። እኔ አንዱን አጠቆርሁና ቀጠልሁ። ቀና ስል ይርሳው የመልስ ወረቀቱን ገልብጦ በባዶው ጀርባ ላይ እየጻፈ ነበር። ፈታኙ በአጠገቡ አልፈው ተመለሱ፤ ምናልባት የሚያሰላ መሰላቸው። ደወሉ እስኪደወል አልተቃናም።

ወጥተን ከባሕር ዛፎቹ ሥር ተጠለልን። «ስንት ሠራህ?» አልሁት።

«አንዷን ሠራሁ።»

«አንዷን?»

«በደንብ።» ፊቱ ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አይቼው የማላውቀው ሰላም ነበረው። «ከዚያች በፊት ያሉትን እንዳላችሁኝ አጥቁሬ መጣሁ። እሷ ላይ ስደርስ ሁሉም እውነት ሆኑብኝ። አንዱን ይዤ የቀሩትን ልካዳቸው? አምስቱንም ጻፍሁ፤ ምሥጢራቸውንም ጻፍሁ። ከነሥራቸው።»

«የሚያርመው መኪና ነው ተብለሃል እኮ!»

«መኪናውን የሠራ ሰው አለ» አለኝ። «ሲያየው ይገባዋል።»

ለመምህር ደስታ ነገርኋቸው። በማግሥቱ በዝናቡ ነፋስ መውጫ ድረስ በእግራቸው ሄዱ፤ ወረቀቱ ታሽጎ ሄዷል አሏቸው፤ ተመለሱ። ሰማያዊው ሹራባቸው በዝናቡ ተስቦ እስከ ጭናቸው ወርዶ ነበር። በዚያው ልክ እስኪያልቅ ለበሱት።

ውጤቱ ክረምቱ ሲወጣ መጣ። እኔ አለፍሁ። ሊቀ መንበሩ በዚያው ሳምንት መጣና ከበራችን ላይ ቆመ፤ ጠላም አልጠጣ፣ አልተቀመጠምም። «መሪጌታ» አለ፣ መሬት መሬት እያየ፣ «አሁን አየሁህ።» ይርሳው «ይሁን፣ ጓድ ሊቀ መንበር» አለው። እትዬ ጥሩዬ በሶ ጨበጡለትና ከአኮፋዳው ውስጥ ደበሎውን አውጥተው ስንቁን በምትኩ አኖሩ። ደበሎው ለብርድ ይሆነዋል ብል «ይኼንስ ሲመለስ ይለብሰዋል» አሉ።

የሄዱት በአርብ ነው፤ በመፀው፣ ሜዳው ቢጫ ሆኖ። ድምፅ ማጉያው ይጮሃል፣ የኪነት ልጆቹ ይጨፍራሉ፣ አንድ ሰው የአደይ አበባ በመኪናዋ ግንባር ላይ ሰክቷል። መኪናዋ ያችው የገብስ መኪና ነበረች። ሾፌሩ የክብሪት እንጨቱን እያኘከ ከመሪው ኋላ ተቀምጦ ወደ ማንም አላየም። ምልምሎቹ እንደ ጆንያ ተጠጋግተው ቆሙ። ይርሳው ሊወጣ ሲል ቆም አለና እንደዚያ ቀን ጎንበስ ብሎ ከሥሯ አየ። እኔም ጎንበስ አልሁ። ብረቶቹ ቀጥ ብለው እርስ በርስ ተጣብቀዋል።

«ተኝታለች» አለኝ። «ስንወርድ ትነሣለች።»

ከዚህ በቀር የተናገረው የለም። ከሁለት ዓመት በኋላ ይመስለኛል፣ እግሩን የቆሰለ አንድ የስማዳ ልጅ ከሰሜን ሲመለስ አብሮት ሥልጠና ላይ እንደ ነበረ ነገረን፤ ይርሳው ማታ ማታ ለምልምሎቹ ፊደል ያስቆጥር ነበር፤ «አንድ ገጽ ለማንበብ ወር ይፈጅበታል፤ ግን አይረሳም» አለን። ከዚያ በኋላ ወሬ የለም። ዘመኑ ሲለወጥ ወታደሮቹ በየመንገዱ በእግራቸው፣ እየለመኑ መጡ። እትዬ ጥሩዬ ብዙ አርብ በደጃቸው እንስራ ውኃ አኑረው ላለፈው ሁሉ አጠጡ፤ እያንዳንዱንም ጠየቁ። አባቱ ከቤተ ልሔም ሁለት ጊዜ እየመጡ ተመለሱ። ሞተ ያለ የለም፤ አለ ያለም የለም። ስለዚህ ፍትሐትም አልተደረገ፣ ተዝካርም አልወጣ። እኔ ነፋስ መውጫ ተማርሁ፣ መምህር ሆንሁ፣ ጡረታ ወጣሁ። በማስተማርበት ዘመን ሁሉ አንዱን ምረጡ እያልሁ ጥያቄ አወጣ ነበር። የእያንዳንዱን የመልስ ወረቀት ጀርባ ገልብጦ ማየት ልማዴ ነበር። ጀርባው ሁልጊዜ ባዶ ነው።

ረዳቱና ሾፌሩ የተሰበረውን ብረት በእንጨት ደግፈው በሽቦ ሲያስሩ ወደ ማምሻው ደረሰ። ጎረምሳው ላቡን እየጠረገ ከአጠገቤ ተቀመጠ። «ስፕሪንግ ሌላ ምን ማለት እንደ ሆነ ታውቃለህ?» ብዬ ጠየቅሁት።

«ስፕሪንግ ስፕሪንግ ነው፣ ጋሼ። ሌላ ምን ይሆናል?» ከዚያ ግን ስልኩን አወጣና ነካካው፤ ኔትወርኩ እየመጣ እየሄደ አንድ ገጽ ከፈተ። «ኧረ ብዙ ነው!» አለ። ከነመነሻው ሁሉም እዚያ ነበሩ፤ ምንጩ፣ ወራቱ፣ ዝላዩ፣ መገኛው፣ ብረቱ፤ ከግርጌም የቅጠል መውጫው። ጣቱን አንድ ጊዜ ሲያንሸራትት አለፉ። «የትኛውን ነበር የፈለጉት?»

ተሳፈርን፤ አውቶቡሱ ተነሣ፤ ወገዳ በምሽት ደረስን።

የጠፋው ይህ ነው። አንድ ሰው። በሁለት ገጹ የተጻፈበት አንድ ወረቀት። ሳይለበስ ብል የበላው አንድ ደበሎ። ያልወጣ አንድ ተዝካር።